ለታዳጊ ቡድን ኤአይ ካሜራ ወይስ ስማርት ሰዓት? (ጎንደር)

አሰልጣኝ ከአዘዞ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። አዘዞ ላይ ከ17 ዓመት በታች የእግር ኳስ ቡድን ይዣለሁ። ጥቂት ሯጮችም አብረውን ይሠራሉ። ወላጆች ትንሽ ብር አዋጥተውልናል። ውጭ አገር ያለ የሰፈራችን ልጅ ደግሞ «ኳሱን ራሱ እየተከተለ የሚቀርጽ ኤአይ ካሜራ እልክላችኋለሁ፣ ወርሃዊ ክፍያውን ግን እናንተ ቻሉት» አለን። ሌላው «ካሜራው ይቅር፣ ስማርት ሰዓት ግዙ፤ እሱ ራሱ ያሰለጥናል» ይላል። ሜዳችን አፈር ነው። መስመሩ በኖራ ነው የሚሰመረው። መብራቱን ታውቁታላችሁ። የቱ ይሻለናል?

የስፖርት መምህር፣ ማራኪ
ኮች፣ ክፍያውን ተወውና መጀመሪያ ሜዳህን አስብ። እነዚህ ካሜራዎች ኳሱን የሚለዩት ቀድሞ በተማሩት ምስል ነው። ሣሩ አረንጓዴ፣ መስመሩ ነጭ ሲሆን ደህና ይሠራሉ። አቧራ ሲነሳና ኳሱ ከአፈሩ ጋር ሲመሳሰል ይምታታባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ስኮትላንድ ውስጥ ኢንቨርነስ የሚባል ክለብ ጨዋታውን በእንዲህ ያለ ካሜራ አስተላልፎ ነበር። ካሜራው የመስመር ዳኛው በራ ጭንቅላት ኳስ መስሎት እሱን ሲከተል ዋለ!

የዓለም ዋንጫውን አይተህ ከሆነ የተመኘኸው፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ኳታር 2022 ላይ ለኦፍሳይድ ብቻ ጣሪያ ሥር 12 ካሜራ ተሰቅሎ ነበር። የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የሰውነት ነጥብ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተላል። ኳሱ ውስጥ ያለው ሴንሰር በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልካል። ያ ሁሉ ተደርጎም ውሳኔው የሚጸድቀው በዳኞች ነው።

አሰልጣኝ ከአዘዞ
የኛም መስመር ዳኛ በራ ነው፤ ሰጋሁ።

ሯጭ ከፒያሳ
ኮች፣ «ሰዓቱ ያሰለጥናል» የሚለውን ይርሱት። ሰዓት የልብ ምት የሚለካው አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ላይ አብርቶ የደሙን ፍሰት በማንበብ ነው። ከላላ ወይም እጅ ከተወዛወዘ ይስታል። አጭር ፈጣን ሩጫ ላይ ደግሞ ልጁ ጨርሶ ሲያርፍ ነው ቁጥሩ ከፍ የሚለው። ደረት ላይ ታስሮ የልብ ምት የሚለካው የደረት ቀበቶ ይሻላል።

ሰዓቱ «የኦክስጅን አቅምህ (ሰውነትህ ሲሮጥ ሊጠቀም የሚችለው ኦክስጅን) ይህን ያህል ነው» የሚለውም ግምት እንጂ የላብራቶሪ ልኬት አይደለም። ከፍጥነትና ከልብ ምት አስልቶ ነው የሚያወጣው። ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ በዚያው የልብ ምት የምንሮጠው ፍጥነት ያንሳል። ይህን የሚያርሙ ውድ ሰዓቶች አሉ፤ ርካሹ ግን ከአዘዞ ወደ ከተማ ሽቅብ ሲወጡ «አቅምህ ወርዷል» ብሎ ሞራል ይገድላል። ለርቀትና ለደቂቃ አንድ ሰዓት ለሁሉም ይበቃል። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የልብ ምትን መቁጠር ጠቃሚ ነው፤ ከወትሮው ከፍ ካለ ልጁ ደክሞ ወይ ሊታመም ሊሆን ይችላል። እሱን ደግሞ ሁለት ጣት አንገት ላይ አድርጎ መቁጠር ይቻላል፣ በነጻ።

የኮምፒውተር ሰው
ወርሃዊው ክፍያ በዶላር ከሆነ ከጅምሩ ጣጣ ነው። የ90 ደቂቃ ጨዋታ በጥሩ ጥራት ከ5 ጊጋባይት ሊበልጥ ይችላል። በኛ ኔትወርክ ያንን ስትጭን ሌላ ጨዋታ ይደርሳል።

እኔ ብሆን ያለህን ስልክ እጠቀማለሁ። ስልኩ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ፣ የሯጩን መገጣጠሚያ በመስመር የሚያሳዩ መተግበሪያዎች አሉ። ዋናው ነገር አቀራረጹ ነው። በተለመደው ቪዲዮ በሰከንድ 30 ምስል ታገኛለህ። በመካከለኛ ፍጥነት የሚሮጥ ልጅ እግሩ መሬት የሚነካው ለሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ንክኪው በስድስት ምስል ያልቃል። በስሎው ሞሽን፣ በሰከንድ 240 ምስል ላይ ካደረግከው 48 ምስል አለህ። ተረከዙ ቀድሞ ይረፍ፣ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይግባ፣ ያኔ ይታያል። ስልኩን በወገብ ቁመት፣ ከጎን፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ አቁመው። ካዘነበልከው የሚሰጥህ ማዕዘን ውሸት ነው።

የልምምድ ፕሮግራም ኤአይ ቻት ላይ ብትጠይቀው ያወጣልሃል፤ መጥፎም አይደለም። ግን ሁሉንም ንገረው። እኔ «ጠዋት 12 ሰዓት» ስለው እኩለ ቀን አድርጎ ጻፈልኝ። በሁዳዴ የዶሮ ጡትና እርጎ አዘዘልኝ። ጾም መሆኑን ስነግረው ነው ወደ ምስርና ባቄላ የመጣው። ከፍታውንና የልጆቹን ዕድሜም ጨምርለት።

ፊዚዮቴራፒስት
አሰልጣኝ፣ «ማን እንደሚጎዳ እተነብያለሁ» የሚል መተግበሪያ ካጋጠመዎት አይመኑት። ካሜራ ማዕዘን ያያል፤ ሕመም አያይም። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ከጉልበታቸው በታች፣ ጅማቱ አጥንቱን በሚይዝበት ቦታ ያማቸዋል። እድገትና ብዙ ዝላይ የሚያመጣው ነው። ሩጫቸው ቪዲዮው ላይ ምንም ላይመስል ይችላል። ጠይቋቸው፣ በጣትዎ ጫን ብለው ይዩ። ካበጠ ወይም ካነከሰ ወደ ጤና ተቋም ይላኩት።

ሌላው፣ ልጆች ናቸው። ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ከመጫንዎ በፊት የወላጅ ፈቃድ ይያዙ።

የቡድን መሪ፣ ቀበሌ 18
አልበዛም? ልጁን አታስፈሩት እንጂ። እኛ በአንድ ስልክ ብቻ ቀርጸን ስናሳያቸው ተከላካዮቻችን መስመር መጠበቅ ጀመሩ። ስንት ጊዜ ጮኼባቸው ያልሰሙትን! ካሜራውን ስጦታ ከሆነ ተቀበሉ፣ ሳይከፈል ምን ምን እንደሚሠራ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ክፍያ ሲቋረጥ መቅረጹንም ያቆማል።

አሰልጣኝ ከአዘዞ
እግዜር ይስጥልኝ። ለልጁ «ሳይከፈል የሚቀርጽ ከሆነ ላክ፣ አለዚያ ይቅር» ብዬ እጽፍለታለሁ። በተዋጣው ብር አንድ የደረት ቀበቶና ኳስ እንገዛለን። ስልክ አለን። የስልክ ማቆሚያ ያለው ሰው አለ?

ሯጭ ከፒያሳ
እኔ ጋ አለ፣ ቅዳሜ ይዤሎት እመጣለሁ። አንዱ እግሩ ላልቷል፤ ፕላስተር ያዘጋጁ።