«የነጋዴው ዕድሜ 36 ነው» ይሉኛል፤ ምን ላድርግ?

የሐይቁ መምህር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሐይቅ አካባቢ 5ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለፈው ሰሞን ሆን ብዬ ይህን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ «አንድ ነጋዴ ከባቲ ገበያ 26 በግና 10 ፍየል ገዛ። የነጋዴው ዕድሜ ስንት ነው?»

ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። «36፣ ቲቸር!» አንዲት ልጅ ብቻ ዝም አለች። ስጠይቃት «ዕድሜው አልተጻፈም እኮ» አለችኝ፣ ጥፋት እንደሠራች ሁሉ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ መፍራቷ ነው።

እነዚሁ ልጆች ሱቅ ቢላኩ መልስ አይሸወዱም። ክፍል ሲገቡ ግን ሁለት ቁጥር ካዩ መደመር ነው። የቃላት ፕሮብሌም እንዴት ታስነብቧቸዋላችሁ?

የፒያሳው፣ ከደሴ፦
አብሽር መምህር፣ ያንተዎቹ ብቻ አይደሉም። በ1980 ገደማ (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይ ግሬኖብል ውስጥ እንዲህ ተጠይቋል፤ እዚያ በጎቹና ፍየሎቹ መርከብ ላይ ናቸው፣ የሚፈለገው የካፒቴኑ ዕድሜ ነው። ከ97 ተማሪዎች 76ቱ ቁጥሮቹን አገናኝተው መልስ ሰጡ። ልጅ አስተማሪው መልስ የሌለው ነገር ይጠይቀኛል ብሎ አያስብም። አልፎ አልፎ እንዲህ ያለውን ቀላቅልባቸው፣ ይልመዱት።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ቁልፍ ቃል ማስጠናቱን ተው። «ይበልጣል» ካለ ደምር፣ «ቀረ» ካለ ቀንስ እያልን እኛው ነን ማንበብ ያስተውናቸው። እስቲ ይህን ስጣቸው፦ «ከድር 12 ብር አለው። የሱ ብር ከዘይነባ በ5 ይበልጣል። ዘይነባ ስንት አላት?» ብዙው 17 ይልሃል። «ማን ብዙ አለው?» ብለህ ብቻ ጀምር። እኔ ቁጥሮቹን በእጄ ሸፍኜ ነበር የማስነብበው። ታሪኩን በራሳቸው አፍ ካልነገሩኝ እጄን አላነሳም።

የሐይቁ መምህር፦
ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው፤ ዛሬ ሞከርኩት። «11 ተማሪዎች በባጃጅ ሊሄዱ ነው። አንዱ ባጃጅ 3 ሰው ይጭናል። ስንት ባጃጅ ያስፈልጋል?» ቁጥሮቹን ሸፍኜ አስተረክኳቸው፣ ከዚያ ገለጥኩ። «3 ቀሪ 2» ያሉ አልጠፉም። አንዱ «ሁለቱን መንገድ ላይ ልንጥላቸው ነው?» ብሎ 4 አደረገው። ከኋላ ደግሞ «ቲቸር፣ 3 ይበቃል! ሁለቱ ባጃጆች አንድ አንድ ይደርባሉ» አለ ሌላው። «ትራፊክ ቢይዛቸውስ?» ደወል እስኪደወል ተከራከሩ።

ምክንያታቸውን ስለተናገሩ ለሁለቱም ሙሉ ማርክ ሰጠሁ። የሥራ ባልደረባዬ ግን ለ3 ማርክ መስጠቴን አልወደደውም። እናንተስ ትሰጡ ነበር?

ጡረተኛው፦
እሰጥ ነበር። ፈተና ላይ ግን «ትርፍ መጫን ክልክል ነው» ብለህ ጨምርበት።