የጦስኝ ሻይ ለምን ይጎመዝዛል?

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ናችሁ። ከመሐል ሜዳ የመጣች አክስቴ አንድ ፌስታል ጦስኝ ይዛልኝ መጣች። ሳፈላው ሽታው ቤቱን ሞላው። ስቀምሰው ግን ይጎመዝዛል፣ ምላሴን ይይዘኛል፣ ስኳር ብጨምርም ያው ነው። እሷ ቤት የጠጣሁት እንዲህ አልነበረም። ከሻይ ቅጠል ጋር አንድ ላይ ከትቼ ሩብ ሰዓት ያህል አንተከትከዋለሁ። ጦስኙ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ (ጣርማ በር)
እህቴ፣ ጦስኙ ምንም አልሆነ፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው ሃሃ። ጦስኝ እንደ ጎመን አይቀቀልም። ውሃውን አፍልተሽ አውርጂው፣ ከዚያ ጦስኙን ጨምረሽ ክደኚውና 5 ደቂቃ ተዪው። እንጨት እንጨቱን ለቅመሽ ጣዪ፣ ቅጠሉና አበባው ይበቃል። ደግሞ ገበያ ስትገዙ ከነሥሩ የተነቀለውን አትውሰዱ፤ በማጭድ የታጨደ ከርሞ ያቆጠቁጣል፣ የተነቀለ ግን ቀረ።

መልስ (ደብረ ብርሃን)
5 ደቂቃ? የኛ ደጋ ውሃ እኮ ምንም ቶሎ አያበስልም!

መልስ (የኬሚስትሪ አስተማሪ)
እውነት ነው፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን ውሃችን 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላ ለመቀቀል ያስቸግራል፣ ለጦስኝ ግን ከበቂ በላይ ነው። ይልቅ ዋናው ጥፋተኛ ሻይ ቅጠሉ ነው። ምላስ የሚይዘው ታኒን ይባላል፤ ምራቅ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ይጣበቅና አፍን የሚያለሰልሰውን ስለሚወስደው አፍሽ የደረቀ ይመስልሻል። ቆዳ የሚለፋውም በዚሁ ታኒን ነው፣ እንግዲህ ምላስሽ ምን እየሆነ እንደነበር አስቢው። ጦስኝም የራሱ ታኒን አለው፣ ሩብ ሰዓት የተንተከተከ ሻይ ቅጠል ግን ይብሳል። ስኳር ይህን አያነሳውም። ወተት ጠብ ብታደርጊበት ታኒኑ የወተቱን ፕሮቲን ይይዝና አፍሽን ይተወዋል። የጦስኝ መዓዛ ደግሞ ቲሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉ ዘይቶች ነው የሚመጣው፣ በእንፋሎት ይሄዳሉ። ቤትሽን የሞላው ሽታ ከስኒሽ ያመለጠው ነው።

ጥያቄ (ደብረ ሲና)
እናቴ ደም ማነስ አለባት፣ የብረት እንክብል ትወስዳለች። ከምግብ ጋር ሻይ ካልጠጣች ደስ አይላትም። ችግር አለው?

መልስ (ጤና ጣቢያ የምሠራ)
አለው። ታኒን ብረቱን ስለሚይዘው ሰውነት በደንብ አያገኘውም። ምግቡንም እንክብሉንም ከሻዩ ቢያንስ በአንድ ሰዓት አራርቂው። ጦስኝ ለደም ግፊት ፍቱን ነው ብለው መድኃኒት የሚያቋርጡም አሉ፣ ተዉ እባካችሁ።

ጠያቂዋ
ሞከርኩት! ሻይ ቅጠሉን ለብቻ ትንሽ አፈላሁ፣ ጦስኙን ከወረደ በኋላ ጨመርኩ። መጎምዘዙ ጠፋ ማለት ይቻላል። አክስቴ ስነግራት ሳቀችብኝ፤ እሷ ቤት ለካ ሻይ ቅጠል ጭራሽ አይገባበትም።