ከመዝገቡ 90፣ ከመጠይቁ 45 በመቶ፤ የትኛውን ልያዝ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 200 ተጠቃሚ ያለው የፋይል መጫኛ ሲስተም እከታተላለሁ። ባለፈው ወር ሎጉ (ሲስተሙ ራሱ የሚይዘው መዝገብ) 180 ስህተት መዝግቧል። 180ን ለ200 ሳካፍል 0.9 መጣልኝ፤ ስለዚህ «አንድ ተጠቃሚ በወር ውስጥ ስህተት የሚገጥመው ዕድል 90 በመቶ ነው» ብዬ ጻፍኩ። በዚያው ወር «ቢያንስ አንድ ጊዜ ስህተት ገጥሞዎታል? አዎ ወይስ የለም» የሚል መጠይቅም በትነን ነበር። 120 ሰው መለሰ፣ 54ቱ አዎ አሉ፤ 45 በመቶ መሆኑ ነው። አለቃዬ አንድ ቁጥር ብቻ ስጠኝ ይላል። ሰው ይረሳል ብዬ ሎጉን ልመን?

ቆጣሪው፦
0.9 ዕድል ሳይሆን አማካይ ነው። ስህተቱ 240 ቢሆን ኖሮ 120 በመቶ ዕድል ልትል ነበር? ላዕሉ ላይ ያስቀመጥከው ስህተት ነው፣ ታህቱ ላይ ሰው። አንዱ ሰው ላዕሉ ውስጥ አምስቴ ሊገባ ይችላል፤ መጠይቁ ግን ማንንም ከአንዴ በላይ አይቆጥርም። የሚረሳም አይጠፋም፣ ግን ወቀሳውን ከዚያ አትጀምር።

መምህሩ፦
ከአማካይ ወደ ዕድል መሻገሪያ አለ። ስህተቶቹ ሁሉንም እኩል የሚያገኙና አንዱ ሌላውን የማያስከትል ከሆነ የፖይሰን ቀመር ይሠራል፤ ከአማካዩ ተነስቶ አንድ ነገር ዜሮ፣ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የመከሰት ዕድሉን የሚሰጥ ቀመር ነው። 2.718ን (e የሚባለውን ቋሚ ቁጥር) በአርቢ −0.9፣ ማለትም በአማካዩ ኔጌቲቭ፣ ስታሰላ 0.407 ይሆናል፤ ይህ ምንም ስህተት ያለመግጠም ዕድል ነው። ከ1 ስትቀንሰው 59.3 በመቶ ይቀርሃል።

ቀመሩ እንዲያው የወረቀት ጨዋታ አይደለም። የስታቲስቲክስ ሊቁ ቦርትኪየቪች እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው መረጃ፣ በ10 የፕረሽያ ሠራዊት ኮሮች (ትልልቅ የጦር ክፍሎች) ውስጥ በ20 ዓመት 122 ወታደሮች በፈረስ ርግጫ ሞተዋል። የእያንዳንዱን ኮር እያንዳንዱን ዓመት ለየብቻ ብንቆጥር 200 መዝገብ ይሆናል፤ አማካዩ 0.61። ቀመሩ ቢያንስ አንድ ሞት ያለበት 45.7 በመቶው ነው ይላል። ሲቆጠር 91 ሆኖ ተገኘ፣ 45.5 በመቶ። ፈረስ የረገጠው ሌላውን ፈረስ አይቶ አይደለማ!

ጠያቂ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን 59ም ከ45 ይርቃል እኮ።

ሰንጠረዥ፦
ቀመሩን ለጊዜው ተወው። ሎጉ የተጠቃሚ መለያ ካለው ኤክሴል ላይ በየሰው ደምርና ስንቱ ዜሮ እንደሆነ እይ። በእጅህ ያለውን ነገር ለምን ትገምታለህ?

ጠያቂ፦
አየሁት። 118ቱ ምንም አልገጠማቸውም፤ 82ቱ ቢያንስ አንዴ፣ ማለትም 41 በመቶ። አንዱ ሰውዬ ብቻውን 31 ስህተት አለው! ፋይሉ እምቢ ሲለው ደጋግሞ ሲጫን ነው መሰል። ላውጣው?

ሰንጠረዥ፦
አታውጣው፤ ከ82ቱ ውስጥ እንደማንም አንድ ሰው ነው። ብታወጣውም 149 ለ199 ወደ 0.75 ነው፣ ቀመሩም 52.7 በመቶ ይላል፤ አሁንም ከ41 በላይ። አንድ ስህተት ሌላውን እየጠራ ጥቂት ሰዎች ላይ ተከምሯል ማለት ነው። የፖይሰን ቅድመ ሁኔታ የፈረሰውም እዚሁ ላይ ነው።

ቆጣሪው፦
ስለ መጠይቁ ልጨምር። ከ120 መላሾች የተገኘ 45 በመቶ የስህተት ህዳጉ (ሁሉም ስላልተጠየቀ ብቻ ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ ሊል የሚችልበት) 9 ያህል ነው፤ ከ36 እስከ 54። የሎጉ 41 እዚያው ውስጥ ስላለ ሁለቱ አልተጣሉም። እኔን የሚያሳስበኝ ዝም ያሉት 80 ሰዎች ናቸው። ሁሉም «የለም» ቢሉ 27 በመቶ፣ ሁሉም «አዎ» ቢሉ 67 በመቶ ይመጣ ነበር። ያ ህዳግ ስለነሱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የተናደደ ሰው ደግሞ መጠይቅ ለመሙላት ይፈጥናል። ለመሆኑ በወሩ ስንት ፋይል ተጭኗል?

ጠያቂ፦
6,000 ሙከራ።

ቆጣሪው፦
እንግዲያው ሌላ ታህት ተገኘ፤ በአንድ ሙከራ የመሳሳት ዕድል 3 በመቶ። የሲስተሙን ጤና የሚያሳየው እሱ ነው። ስንት ሰው ተቸገረ ከተባለ 41 በመቶ። አለቃህ ቁጥሩን ምን ሊያደርግበት ነው?

ጠያቂ፦
ጠየቅኩት። ለሚቀጥለው ወር ስልክ የሚያነሳ ድጋፍ ሰጪ ስንት እንደሚያስፈልግ ሊወስን ነው። ያው 180ው ይበቃው ነበር ማለት ነው?

ሰንጠረዥ፦
ቆይ፣ ባለ 31ዱ ሰውዬ ስንቴ ደወለ?

ጠያቂ፦
አንዴም አልደወለም።