በመንገድ ዳር ባሕር ዛፍ ሥር ያለውን ቅንጬ አረም እንዴት እንመዝግብ?

ጥያቄ፦ በገጠር መንገድ ዳር በተተከለው ባሕር ዛፍ ሥር ቅንጬ አረም (ፓርቴኒየም) እና የወፍ ቆሎ (ላንታና የሚባለው ቁጥቋጦ) እየተስፋፋ ነው። የስርጭት መረጃ ልንሰበስብ ነው፤ ናሙናውን በምን ርቀት እንውሰድ?

መልስ፦ በጂፒኤስ እየለካችሁ በየ500 ሜትሩ ቁሙ። ከመንገዱ ጠርዝ ወደ ማሳው ገመድ ዘርጉና 1 ሜትር በ1 ሜትር የእንጨት ክፈፍ በሦስት ቦታ አስቀምጡ፦ ቦዩ አጠገብ፣ ጥላው ሥር፣ ከጥላው ውጭ። ጥላው ሥር ብቻ ከተቆጠረ መረጃው ያሳስታል፤ ቅንጬ ብርሃን ስለሚወድ ጠርዙ ላይ ነው የሚበዛው። ከመቁጠራችሁ በፊት የረገፈውን የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት በቀስታ ግለጡ። የቅንጬ ቡቃያ መሬት ላይ ተለጥፎ ስለሚያድግ ከረገፈው ቅጠል ሥር ይደበቃል።

መልስ፦ ወንድሜ ያሉት ትክክል ነው። የወፍ ቆሎን ግን በግንድ አትቁጠሩ፤ ከአንድ ሥር ብዙ ቅርንጫፍ ስለሚያወጣ ቁጥሩ ያብጣል። ክፈፉን ስንት በመቶ እንደሸፈነ መዝግቡ። ቅንጬን በነጭ አበባው ለመለየት መስከረም ምቹ ነው።

መልስ፦ እባካችሁ ጓንትና እጀ ረጅም ልብስ አይቅር፤ ቅንጬ ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትንም ይጎዳል። አንድ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል፤ ጭቃ የያዘ ጫማና ጎማ ሳይጠረግ ወደሚቀጥለው ቦታ ከተሄደ፣ አረሙን የምናዛምተው እኛው ነን።