«ዓለሚቱ»ን ኮምፒውተሩ አላገኛትም፤ 30 ዓመት በእጄ ጽፌ አሁን ከየት ልጀምር?

የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ (ምሥራቅ ጎጃም)

እንዴት ከረማችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለ ወረዳ የገጠር መሬት መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ዕድሜዬ 52 ነው፤ ለጡረታ 8 ዓመት ይቀረኛል። በልጅነቴ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ነበርኩ። ቁም ጽሕፈት የተማርኩትም እዚያው ነው። በኋላ ዘመናዊውን ትምህርት በማታ ጨረስኩና በ1988 ዓ.ም. መንግሥት ቤት ተቀጠርኩ። ያስቀጠረኝ የእጅ ጽሕፈቴ ነው። ፈታኙ ወረቀቴን አንሥቶ አየና «በል አንተ መዝገቡን ትጽፋለህ» አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እጽፋለሁ።

በ1995 ዓ.ም. በክልላችን የይዞታ ምዝገባ ሲጀመር ወደ መሬት ተዛወርኩ። ያኔ ማሳው የሚለካው በገመድ ነበር። የቀበሌው ኮሚቴ ድንበሩን ያሳያል፤ እኔ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እጽፋለሁ። የባል ስም፣ የሚስት ስም፣ የአባት፣ የአያት፣ አዋሳኝ በምሥራቅ፣ አዋሳኝ በምዕራብ። ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፋል። እናቶች ለፎቶው ሲቀመጡ ነጠላቸውን እንዴት ያስተካክሉ እንደነበር ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

አሁን ሁሉም ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። ሁለተኛው ዙር ምዝገባ በአየር ፎቶ ተሠርቶ ሰው የማሳውን ካርታ በእጁ እየያዘ ነው። ደስ ይለኛል፤ ከልቤ ነው። አይጥ የበላው መዝገብ አይቻለሁ። ዝናብ ገብቶ ቀለሙ የፈሰሰበትንም አይቻለሁ። በድንበር የተነሣ ወንድም ከወንድሙ ሲጣላ ስንት ጊዜ ገላጋይ ሆኛለሁ።

ነገር ግን ባለፈው ወር አንዲት እናት ከአባይ አፋፍ መጡ። ባላቸው ሞተዋል። ማረስ ስለማይችሉ መሬታቸውን ለማከራየት ውሉን ሊያስመዘግቡ ነው የመጡት። በሌሊት ተነሥተው በእግር ነው የመጡት፤ እግራቸው ጭቃ በጭቃ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው ልጅ ስማቸውን ጠየቀች። ዓለሚቱ አሉ። ጻፈች። «የለም» አለች። ደግማ ጻፈች። «እማማ፣ እዚህ አልተመዘገቡም» አለቻቸው። ሴትዮዋ ዝም አሉ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው «ታዲያ መሬቱ የማነው ሊባል ነው?» አሉ።

ተነሥቼ የድሮውን ባሕር መዝገብ አወጣሁ። የ1996 ነው፤ የራሴ እጅ ነው። አለች። በዐይኑ ዐ፣ «ዓለሚቱ» ብዬ ጽፌያለሁ። ዓለም የሚጻፈው እንደዚያ ነዋ። ልጅቱ ደግሞ በአልፋው አ «አለሚቱ» ብላ ነበር የምትፈልገው። ቀይራ ስትጽፈው ወዲያው ወጣ። ሴትዮዋ ጉዳያቸውን ጨርሰው ሄዱ። እኔን ግን እንቅልፍ ነሣኝ። እኔ ያን ቀን ባልኖርስ?

ከዚያ ወዲህ ልብ ብዬ ሳይ እንዲህ ያለው ብዙ ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ። ሠናይት፣ ሰናይት። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ። ገብረ እግዚአብሔር ሲጻፍ አንዱ ይነጥለዋል፣ አንዱ ያጣብቀዋል፣ አንዱ ገ/እግዚአብሔር ብሎ በሕዝባር ያሳጥረዋል።

እኔ ኮምፒውተር አልችልም። ሦስት ቀን ሥልጠና ተሰጥቶን ነበር፤ አዳራሽ ውስጥ፣ በፕሮጀክተር። አሠልጣኙ ጎበዝ ነው፤ ግን እሱ ይነካል፣ እኛ እናያለን። አበል ፈርመን ተመለስን። አሁን ድልደላ ሊመጣ ነው እየተባለ ነው። ኮምፒውተር የማይችል ወዴት እንደሚመደብ አላውቅም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ከምን ልጀምር? የስሙን ነገርስ ማንን ነው የምጠይቀው?

ሲስተም ሠሪ ከባሕር ዳር

ጋሸ፣ ሰላም ይስጥልኝ። ሁለተኛውን ልመልስ፤ የኔ ሥራ እሱ ነው።

ኮምፒውተር ፊደልን በድምፁ አያውቀውም፤ በቁጥሩ ነው የሚያውቀው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ላይ (ዩኒኮድ ማለት ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ቁጥር ሰንጠረዥ ነው) ሲገባ አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። ልክ ነው፤ ሁለት ፊደል ናቸው። ስለዚህ ለማሽኑ «አለሚቱ» እና «ዓለሚቱ» የሁለት ሰው ስም ነው፤ ከበደ እና አበበ እንደማለት። ልጅቱ አላጠፋችም። እርስዎም አላጠፉም። ፍለጋውን የሠራው ባለሙያ ይህን ማሰብ ነበረበት።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ከስሙ ጎን ሰው የማያየው ሌላ ዓምድ ይሠራል። እዚያ ዓምድ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ። ሃ፣ ኃ፣ ዓ፣ ኣም እንዲሁ። ሕዝባርና ክፍት ቦታም ይወጣሉ። ፈላጊው የጻፈው ስም በዚሁ መንገድ ተቀይሮ ነው የሚፈለገው። ስክሪን ላይ የሚታየው ግን እርስዎ በ1996 የጻፉት ይሆናል፤ ማንም አይነካውም። ከባድ ሥራ አይደለም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ያዩዋቸውን ስሞች በሙሉ በወረቀት ይዘርዝሩ፤ ትክክለኛው እንዴት እንደሆነ፣ ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚጽፈው። ፕሮግራመሩ ይህን ዝርዝር ከየትም አያገኘውም። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ ለምን ሁለት እንደሆኑ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ዝርዝሩን ለክልሉ የሲስተም ባለሙያዎች በደብዳቤ ያስላኩት። በቃል አይተዉት፤ የቃል አቤቱታ ይረሳል።

ሌላም ላክል። ጽሕፈት ቤታችሁ ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ በሚባሉት የአማርኛ መጻፊያዎች አሮጌ እትም የተጻፈ ፋይል ካለው አሁኑኑ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር። እነዚያ ዩኒኮድ አይደሉም። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ምልክት ነው የሚሆኑት።

መምህርት፣ ፍኖተ ሰላም

ጋሸ፣ እኔ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አይሲቲ አስተምራለሁ። ከምን ልጀምር ላሉት ልመልስ።

ከሥልጠና አዳራሽ አይጀምሩ፤ ከጣትዎ ይጀምሩ። በቃልዎ የሚያውቁት ጸሎት አለ አይደል? አቡነ ዘበሰማያትን ይጻፉ። በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ ሌላ ምንም አይጨምሩ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ጀማሪ ሰው ዓይኑ ሦስት ቦታ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ላይ፣ ኪቦርዱ ላይ፣ ስክሪኑ ላይ። ጽሑፉን በቃሉ ካወቀው ወረቀቱ ይቀርለታል። የግዕዝ ጸሎት ደግሞ ፊደሉን አያሳስትም። ብዙዎቹ ኪቦርዶች ላይ ሐመሩን ሐ ለማምጣት ሺፍት ይጫናሉ፤ እጅዎ ይህን ሳያውቀው ይለምደዋል።

በሁለተኛው ወር ኤክሴል። የኤክሴል መጽሐፍ አይግዙ። ባሕር መዝገብዎን ይክፈቱ፤ ዓምዶቹ እዚያው አሉ። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ አባት፣ አያት፣ አዋሳኝ። አንድ ገጽ ይገልብጡ። ኤክሴል ማለት ሲመነዘር መዝገብ ነው፤ እርስዎ በእጅዎ ሲያሰምሩት የኖሩትን መስመር ነው የሚያሰምረው።

ብዙ ሰው 5 ሚሊዮን ኮደሮች ላይ ተመዝገቡ ይልዎታል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረ ነፃ የኦንላይን ሥልጠና ነው። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያስተምራል። ልጅ ካለዎት ያስመዝግቡት። ለእርስዎ ግን መጀመሪያው እሱ አይደለም።

ከኔ ወገን ደግሞ አንድ የሚያሳስበኝ አለ። ተማሪዎቼ ኤክሴል ይችላሉ፣ ኔትወርክ ይዘረጋሉ፣ የብቃት ምዘናውንም ያልፋሉ። መዝገብ ቤት ሲገቡ ግን ማህደር ምን እንደሆነ፣ ባለጉዳይ እንዴት እንደሚጠየቅ አያውቁም። እናትየዋን «ስምዎ በምን ፊደል ነው?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ ፊደል ላይቆጥሩ ይችላሉ። የአባትና የአያት ስም፣ ቀበሌ፣ የባል ስም እያሉ መዞር ነው። ይህን እኔ አላስተማርኳቸውም፤ እኔም አላውቀውም ነበር።

ኢንኮደሯ (ምዕራብ ጎጃም)

እኔ የርስዎዋ ልጅ አይደለሁም፤ ሌላ ወረዳ ነኝ። ግን እኔም «አለሚቱ» ብዬ ነበር የምጽፈው። ሳነበው አፈርኩ።

ኮንትራት ነኝ። ከወረቀት ወደ ሲስተም ሳስገባ በቀን ስንት ማህደር ጨረስሽ ነው የምባለው፤ በየትኛው ሀ ጻፍሽው ያለኝ ሰው የለም። መብራት ሲሄድ የተጀመረው ይጠፋና እንደገና ነው። ሲመሽ ዓይኔ ይደክማል፤ የቀረበኝን ፊደል እጫናለሁ። ዘመኑም ያሳስታል። ወረቀቱ በኢትዮጵያ ነው። አንዱ ጋ 1996ን እንዳለ አስገብቼ በፈረንጅ 1996 ሆኖ ተቀመጠ። 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ውሉ ላይ ጭቅጭቅ ሲነሣ ነው የታወቀው።

ጋሸ፣ አንድ ነገር ልበልዎት። ልጅቱ አጠገብ ቢቀመጡ ቅር አይላትም። እኛ የምንፈራው ቁጣውን ነው እንጂ መማሩን አይደለም።

ከሞጣ

ሁሉንም ተስማምቻለሁ። ባሕር መዝገቡን ግን እንዳታስጥሉ። በ2015 ክረምት ኢንተርኔት ሲቋረጥ እዚህ ሥራ ያልቆመው ወረቀት ስለነበረ ነው። ሲስተሙ ከኢንተርኔት ውጭም የሚሠራበት መንገድ ይኑረው፤ መዝገቡም በስካነር ይነሣ፤ ዋናው ደግሞ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ (ምሥራቅ ጎጃም)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

መምህርት፣ እንዳልሽኝ አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን «ይትቀደስ ስምከ» ላይ ስደርስ 15 ደቂቃው አለቀ። አሁን እስከ መጨረሻው እደርሳለሁ። ማታ ማታ አሥረኛ ክፍል ያለው ልጄ አጠገቤ ይቀመጣል። ግራ እጄ ሺፍቱን አሁንም ይስታል፤ ልጄ እጄን ይዞ ይመልስልኛል። እኔም እሱን ፊደል ሳስቆጥረው እንደዚያ ነበር የማደርገው።

ዝርዝሩንም ጻፍኩ። ቁም ጽሕፈት ነው፤ ሌላ አልችልማ። 11 ገጽ ሆነ። ኀይልን፣ ሥላሴን፣ ፀሐይን፣ ዐምደን፣ ሐረግን ከነልጆቻቸው ነው የዘረዘርኳቸው። ኃላፊያችን አገላብጦ አየውና ማኅተም መትቶ በደብዳቤ ላከው። መልስ ገና አልመጣም።

ኢንኮደሯ፣ ያልሽኝ ገብቶኛል። ያን ቀን እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፤ እዚህ ሳልጽፈው ቀረሁ። ልጅቱን ይቅርታ ጠየቅኳት። አሁን ወንበሬን ወደሷ ጠጋ አድርጌያለሁ። እሷ ጠዋት ጠዋት ኤክሴል ታሳየኛለች፤ ባለጉዳይ ሲመጣ ደግሞ እኔ እጠይቃለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

ትናንት ፀሐይነሽ የሚባሉ እናት መጡ። ልጅቱ ጣቷን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረገች ዞር አለችና «ጋሸ፣ በየትኛው ጸ?» አለችኝ።

«በፀሐዩ ፀ፤ ሐውም ሐመሩ ነው» አልኳት።

ጻፈች። ማህደሩ ወጣ።