የሂልደጋርድ «ሊንጓ ኢግኖታ» የምስጢር ቋንቋ ነበር?

ጥያቄ፦ የቃል ወዳጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የቢንገኗ ሂልደጋርድ ፈጠረችው በሚባለው «ሊንጓ ኢግኖታ» (በላቲን «ያልታወቀ ቋንቋ» ማለት ነው) ውስጥ ያሉት ቃላት ፍቺ አላቸው? መነኮሳይያቱ ጆሮ ጠቢን ሸሽተው የሚያወሩበት ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ይህስ ያስኬዳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍቺስ አላቸው፤ ያውም ቁልጭ ያለ። ሂልደጋርድ (1098–1179 እ.ኤ.አ.) ጀርመን አገር፣ ራይን ወንዝ አጠገብ የነበረ የሴቶች ገዳም እመ ምኔት ናት። የቃላት መዝገቧ 1,011 ያህል ቃላት ይዟል፤ ፍቺያቸውም በላቲንና በዘመኑ ጀርመንኛ ተጽፏል። ከተረፉት ቅጂዎች አንዱ ዛሬ ቪስባደን ከተማ ይገኛል። የራሷ 23 ፊደላትም አሏት።

መዝገቡ በፊደል ተራ አልተደረደረም። «አይጎንዝ» ብሎ በእግዚአብሔር ይጀምርና ወደ መልአክ፣ ወደ ሰው፣ ወደ ቤተ ዘመድ ይወርዳል። የአካል ክፍሎች፣ ደዌ፣ የክህነት ማዕረግ፣ ንዋየ ቅድሳት፣ የእጅ ሙያ እያለ ዕፅዋትን፣ ወፎችንና ነፍሳትን ይዘረዝራል። ፍጥረትን ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ ስም ማውጣት ነው የያዘችው።

የቃል አመሠራረቷን ደግሞ ተመልከተው። «ፔቬሪዝ» አባት፣ «ማይዝ» እናት ነው። «ሂልዝ» ስትጨምርበት «ሂልዝፔቬሪዝ» የእንጀራ አባት፣ «ሂልዝማይዝ» የእንጀራ እናት ይሆናል። እኛ «እንጀራ»ን እንደምናስቀድመው ጀርመንኛም ለዚሁ የራሱ ቅጥያ አለው፤ ስለዚህ አጥንቱ የአፍ መፍቻዋ ይመስለኛል።

ሌላ አባል፦ ግሱስ? ያለ ግስ እንዴት ይወራል?

መልስ፦ የምስጢር ቋንቋ መባሉን የማልቀበለው በዚሁ ነው። መዝገቡ ከሞላ ጎደል በሙሉ ስም ነው። ምስጢር የሚያወራ ሰው ከሁሉ በፊት «ሂጂ፣ ደብቂው፣ መጣች» የሚልበት ግስ ያስፈልገዋል።

በሥራ ላይ የምናገኘው «ኦ ኦርዝኪስ ኤክሌሲያ» በሚለው ዝማሬዋ ነው። ቤተ ክርስቲያንን በሚያወድስ የላቲን ግጥም መሐል አምስት የራሷን ቃላት ሰክታለች። ከአምስቱ መዝገቡ ውስጥ ያለው «ሎይፎል» (ሕዝብ) ብቻ ነው፤ እሱም ዝማሬው ላይ «ሎይፎሉም» ሆኖ የላቲን የአገናዛቢ ብዙ ቁጥር መድረሻ ለብሷል፤ «የሕዝቦች» ማለት ነው። ቃሉ የእሷ፣ ሰዋስዉ የላቲን።

ጸሐፊዋ መነኩሴ ቮልማር በጻፈላት ደብዳቤም እሷ ያለፈች ዕለት ያልተሰማው ዜማና ያልተሰማው ቋንቋ ከየት ይገኛል ብሎ ይጨነቃል። ቋንቋውን ያስቀመጠው ከዜማው ጎን መሆኑን ልብ በል። በቅርብ የሚያውቃት ሰው ነውና ምስክርነቱ ለእኔ ከየትኛውም መላ ምት ይበልጥብኛል።

ሌላ አባል፦ የራሱ ሰዋስው ያለው የሃይማኖት ሰዎች ፈጠራስ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ዘመኑ ግን ዘግየት ይላል። በኦቶማን ዘመን ሱፊዎች ዘንድ የተፈጠረው «ባላይባላን» መዝገበ ቃላትም ሰዋስውም አለው፤ የሚጻፈውም በዐረብ ፊደል ነው። ለብቻው ብንከፍተው ይሻላል።