የከተማ ምክር ቤት እጩዎች ስለ ካርቦን ልቀት ሲጠየቁ ምን ቢመልሱ እንመናቸው?

ጠያቂ፦ የፈረንጅ አራዳ ነዋሪ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በ2005 ዓ.ም. የተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ካለፈ ብዙ ዓመታት ስለተቆጠሩ፣ ቀጣዩ ሲደርስ በሰፈራችን እጩዎችን ፊት ለፊት የምንጠይቅበት መድረክ ለማዘጋጀት ተስማምተናል። ከመንገድና ከውሃ ጋር የካርቦን ልቀትንም ለማንሳት አስበናል፤ ነገር ግን ሁሉም «ችግኝ እንተክላለን» ብለው እንዳያልፉት እሰጋለሁ። ኢትዮጵያ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ልቀቷን፣ እርምጃ ባይወሰድ ኖሮ ሊደርስ ከሚችለው መጠን በ68.8 በመቶ ለመቀነስ አቅዳለች። ይህ ዕቅድ ወደ ጅማ ሲወርድ ከአንድ የምክር ቤት እጩ ምን እንጠብቅ?

መልስ 1፦ የአካባቢ ሳይንስ መምህር

ጥያቄዎ ተገቢ ነው። በሌሎች አገሮች የከተማ እጩዎች በአብዛኛው የሚከራከሩት ኤሌክትሪክ ከድንጋይ ከሰል ስለሚመነጭበት ጣቢያና ስለ ቤት ማሞቂያ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ ግን ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚገኝ ሲሆን፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድም የሚገኘው በዚሁ በጅማ ዞን ነው። ስለዚህ እጩው ከሌላ አገር የተቀዳ መልስ ይዞ ቢመጣ አይጠቅመንም።

የእኛ ዋነኛ ጉዳይ ማድቤት ነው። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰለው በተለመደው ዘዴ ከ100 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ የቀረው በጭስና በጋዝ መልክ ይጠፋል። ደኑ የሚመናመነው በገጠር ቢሆንም ከሰሉን የሚገዛው ከተማው ነውና፣ እጩው ስለ ኤሌክትሪክ ምድጃ ብድርና ስለ መብራት መቆራረጥ ምን እንደሚያስብ መጠየቅ አለበት።

መልስ 2፦ የቆጪዋ

መምህር፣ በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ያስገባ ቤት ሁሉ ከሰልን ትቷል ማለት አይደለም። እንጀራው በኤሌክትሪክ ይጋገራል፣ ወጡና ቡናው ግን ከሰል ላይ ነው፤ መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ሁሉም ወደ ከሰል ይመለሳል። በየመንገዱ ዳር ቡና አፍልተው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እህቶቻችን የሚሠሩት በከሰል ነው። በመሆኑም «ከሰል እንከለክላለን» የሚል እጩ ቢመጣ፣ እነዚህ ሴቶች በማግስቱ በምን ያፈላሉ ብላችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁልኝ። በአካባቢያችን ከቡና መፈልፈያዎች የሚወጣው ገለባ ተከምሮ ሲቃጠል ወይም ሲበሰብስ እናያለን፤ እርሱን አክስሎና ጠፍጥፎ ማገዶ ማድረግ ይቻላል። ለዚህ ሥራ ለተደራጁ ወጣቶች የመሥሪያ ቦታ እሰጣለሁ የሚል እጩ ካለ እኔ በጥሞና እሰማዋለሁ።

መልስ 3፦ የአዌቱ ልጅ

ሁለቱም መልሶች ጠቃሚ ናቸው፤ በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። የኤሌክትሪክ አቅርቦት በአመዛኙ ከከተማ ምክር ቤት ሥልጣን ውጭ ነው፤ ቆሻሻ ግን የከተማው የራሱ ሥራ ነው። ከገበያና ከጫት መሸጫዎች የሚወጣውን ገራባ፣ የሙዝ ልጣጭና የአትክልት ትራፊ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ተከምሮ አየር ሲያጣ ሚቴን የተባለ ጋዝ ያመነጫል፤ ሚቴን ደግሞ በ100 ዓመት ስሌት ሙቀትን በማመቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ይበረታል። የሚበሰብሰውን ከፕላስቲኩ ለይቶ ብስባሽ ማዳበሪያ ማድረግ ውድ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም፣ ለገበሬውም ይተርፋል። ስለዚህ እጩውን «በመጀመሪያው ዓመት በጀት ለቆሻሻ መለየት ምን ያህል ታጸድቃለህ?» በሉት። ቁጥር ባይኖረው እንኳ ከየትኛው ወጪ ቀንሶ እንደሚያመጣው ይናገር።

ባጃጅንና ሌሎች ተሽከርካሪዎችንም አትርሱ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ወስኗል፤ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ኃይል መሙያ የሚተከልበትን ቦታ መወሰን ግን የከተማ ፕላን ጉዳይ ነው።

ጠያቂ፦ የፈረንጅ አራዳ ነዋሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቆሻሻውን አስቀድመን፣ የከሰሉንና የቡና ገለባውን ጥያቄ እናስከትላለን። ለሁሉም እጩዎች እኩል ደቂቃ ለመስጠት ወስነናል፤ ጥያቄዎቹንም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ እናዘጋጃለን። በትርጉሙ ሊያግዘን የሚችል ካለ እዚሁ ይጻፍልን።